የአበልጄ በሬ

ባሌን ያስገደለው ልጄን ክርስትና ያነሣው ሰው ነው።

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ በላይ፣ ወደ ሮብ ገበያ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። እሱ ከእኛ በታች፣ አንድ ማሳ ተሻግሮ ይኖር ነበር። እኛም አንድ በሬ፣ እነሱም አንድ በሬ ብቻ ስለነበረን መቀናጆ ነበርን፤ ሁለቱ በሬዎች ባንድ ቀንበር ይጠመዱና አንድ ቀን የእኛ መሬት ይታረሳል፣ በማግስቱ የእነሱ። የእኛ በሬ ጥቁር ነበር፣ የእሱ ዳለቻ። ባሌና እሱ አብረው ያደጉ ናቸው። ልጄ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ አቅፎት የቆመው እሱ ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲያ አበልጅ ተባባልን። ወንድም ከወንድሙ በርስት ይካሰሳል፣ ይዳማልም። አበልጁን የከሰሰ ሰው ግን በእኛ ቀበሌ አላየሁም።

አገሩ በጣሊያን ላይ የሸፈተ ጊዜ ባሌ ወደ ጫካ ወጣ። አበልጃችን ወደ ከተማ ወረደ፤ ጠመንጃና ካኪ ልብስ ተሰጠው። ያን ጊዜ ጦርነቱ ከፈረንጅ ጋር ብቻ አልነበረም። ከአንድ ቤት አንዱ ጫካ፣ አንዱ ምሽግ ገብቶ ነበር። ተኩስ ሲከፈት ከሁለቱም ወገን የሚሰማው ስድብ በአማርኛ ነበር፤ አንዳንዱም ተሳዳቢውን በድምፁ ያውቀዋል።

አርበኞቹ ባላገሩ የእኛ ነው ይሉ ነበር። እውነት ነው፤ ከእኛ ደጅ እስከ ጮቄ ተራራ ጣሊያን የሚታየው በአውሮፕላን ብቻ ነበር። ከተማዋ ግን የጣሊያን ነበረች። እኔ አባቴ ፊደልና ጥቂት ዳዊት አስቆጥሮኝ ከዚያ ወዲያ ተዳርኩ፤ የጦር ነገር አላውቅም። ከተማዋ ምን እንደሆነች የገባኝ በጨው ነው። መንገዱ ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ጨውም፣ አቡጀዲም፣ ጥይትም፣ የዓይን መድኃኒትም በዚያ ሳያልፍ ወደ እኛ አይመጣም። መንገዱ የተዘጋ ክረምት ልጄን ባቄላ ያለ ጨው አበላሁት፤ አፉን እየጠመዘዘ ያየኝ ነበር። ሹመት የሚሰጠውም እዚያ ነው። ምሽጉ ላይ የሚውለበለበውን ባንዲራ እያየ ነው በየቀበሌው ያለ ጭቃ ሹም ለማን እንደሚያጎነብስ የሚያውቀው። የባሌ ታናሽ ወንድም፣ እሱም አርበኛ ነበር፣ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦

«ጫካ ውስጥ መቶ ጊዜ ብናሸንፍ ያ ምሽግ እስካለ ድረስ ሽፍታ ነን እንጂ መንግሥት አይደለንም።»

በኋላ ግን ለእኔ ከተማዋ ይህ ሁሉ መሆኗ ቀረ። አንድ ሰው ከኋላዋ የሚሸሸግባት ግንብ ሆነች።

እንዲህ ነው የሆነው። ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ተከምሯል። በአንድ በሬ አይበራይም። የአበልጃችን ሚስት ገና ወደ ከተማ አልወረደችም ነበር፤ ዳለቻውም እሷ ዘንድ ነበር። ሄጄ፣ «የፊታችን ማክሰኞ እናበራያለን፣ በሬውን ስጡን» አልኳት።

«ማን ይነዳልሻል?» አለችኝ።

እኔ ጠንቃቃ ሴት ነኝ። ልጄ ባስነጠሰው ቁጥር ግንባሩን የምዳስስ፣ ውኃ ሳላጠልል የማላጠጣ፣ በሩን ዘግቼ ተመልሼ መዘጋቱን የማይ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን ልቤ ገብሱ ላይ ነበር። «አባቱ ብቅ ይላል» አልኳት። ሦስት ቃል ብቻ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሬው መጣ። እየነዳ ያመጣው አበልጃችን ራሱ ነበር፤ ካኪውን አውልቆ እንደ ድሮው ጋቢ ለብሶ። ባሌ ሲያየው መንሹን ጥሎ ሄደ። ተቃቀፉ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት ጊዜ ተሳሳሙ። እኔ አውድማው ዳር ልጄን አዝዬ እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ከአጥሩ ሥር ወታደሮቹ ተነሡ።

ባሌ ተመትቶ የወደቀው ገብሱ ላይ ነው። ያን ገብስ አልበላነውም። እነሱ ሲሄዱ ዳለቻው በሬ እዚያው አውድማው ላይ ክምሩን እየበላ ቀረ። የሚያስታውሰው አልነበረም።

በአርባው ተዝካር ሽማግሌዎቹ የባሌን ጠመንጃ ልጄ ጭን ላይ አጋደሙት። የአገሩ ወግ ነው። ልጄ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። አፈሙዙን ይዞ ሊልሰው ሲል ሰዎቹ እንባ ባይናቸው ሞልቶ፣ «ይድረስ፣ ይድረስ» አሉ። ደሙን እሱ ይመልስ ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ የምቆጥረው ሌላ ነበር። ያ ሰው ሦስት ወንዶች ልጆች አሉት። ልጄ አድጎ አንዱን አባት ቢገድል ሦስቱ ይነሡበታል። ከሦስት ማን ያተርፈዋል? ጠመንጃውን ከጭኑ አንሥቼ ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። ልጄ እጁ ሳይደርስበት ይህ ደም መመለስ አለበት አልኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

መመለሻው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። እኔ ብገድለው ወይም የባሌ ወንድም ቢገድለው ስም ያለው ደም ይሆናል፤ ዞሮ ወደ ልጄ ይመጣል። በጦርነት ውስጥ፣ ከብዙ ጠመንጃ መካከል የወደቀ ሰው ግን ገዳዩ አይታወቅም፤ ሽማግሌም አይቀመጥበትም። እሱ ከምሽጉ አይወጣም። ስለዚህ ከተማዋ መውደቅ አለባት፤ በወደቀች ቀን ደግሞ፣ መንግሥት ገብቶ ሰላም ከመባሉ በፊት፣ መሞት አለበት። ያቺን አንድ ቀን ነበር የምጠብቀው።

የባሌ ወንድም አንድ ቀን መጥቶ ምድጃ አጠገብ ተቀመጠና፣ «እቴ፣ ምሽጉ ውስጥ የሚገባ ዓይን የለንም» አለኝ። «አንቺን ግን የሚያስገባሽ ሰው አለ።»

«ማነው?»

«አበልጅሽ።»

ሌላ ቀን ቢሆን በእንጨት እመታው ነበር። «እሺ» አልኩት።

አርበኞቹ ወደ ከተማ እህል እንዳይወርድ፣ ገበያም እንዳይቆም ከልክለው ነበር። እኔ ግን ዳቦና ቅቤ ይዤ፣ ልጄን አዝዬ ወረድኩ። በር ላይ ያለው አስካሪ፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደር፣ ሲያቆመኝ የአበልጄን ስም ጠራሁ። ልጄ ነበር የይለፍ ወረቀቴ። አበልጄ እየሮጠ መጣ። ልጄን ተቀብሎኝ ከአንገቱ ሥር ሳመው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሚስቱና ልጆቹ ያን ጊዜ ከተማ ገብተው ነበር።

«አበልጄ፣ ሊያስሩት ብቻ ነበር» አለኝ። «በልጄ እምልልሻለሁ። እጅ ይሰጣል፣ ይማራል ብዬ ነው።»

«እግዜር ያውቃል» አልኩት። «የሆነው ሆነ። ልጁ አባት የለውም፤ የክርስትና አባቱን ይወቅ ብዬ መጣሁ።»

በእኛ ዘንድ አብረውት የበሉትን ሰው አሳልፎ መስጠት የለም። ለዚህ ነው የምሄድበትን ቀን እየመረጥኩ የምሄደው። ረቡዕ ወይም ዓርብ እሄዳለሁ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ደርሼ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እወጣለሁ። ሚስቱ እንጀራ ስታቀርብ ጾም ነኝ እላለሁ። ዐቢይ ጾም ያልፋል፣ የሐዋርያት ይመጣል፤ ፍልሰታ ይመጣል፤ ጽጌን ጨመርኩበት። እሱ ይሥቅብኝ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስትመጪ ጾምን ተሸክመሽ ነው እንዴ የምትመጪው? ደግሞ መመንኮስ አማረሽ?»

«የመበለት ወግ ነው» እለዋለሁ።

ስመለስ ያየሁትን ለባሌ ወንድም እነግረዋለሁ። ካሚዮኖቹ የት እንደሚቆሙ፣ ዱቄቱ በየትኛው ቤት እንዳለ፣ አዲስ ወታደር መግባቱን ከሰፈሩ ጭስ ብዛት። ምሽጉ ግንቡም መትረየሱም ሞልቶት ውኃ አልነበረውም፤ በቅሎዎቹ በርሜል ተጭነው ረፋድ ላይ ወደ ወንዙ እንደሚወርዱ ያየሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ አርበኞቹ በወንዙ ማዶ እየሸመቁ በቅሎዎቹን መምታት ጀመሩ። ከተማው ውኃ የሚጠጣው በጥይት እየታጀበ ሆነ። እኔ ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ የተጠሙት ውስጥ እሱ አለና።

የተሳሳትኩት አንድ ጊዜ ነው። ያን ዓመት አውሮፕላን እየመጣ ስላስቸገረን ፋሲካን ያሳለፍነው ዋሻ ውስጥ ነበር። ዶሮ አልታረደም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ተዘግቶ ነበር። በቤቴ ጾም ያልተፈታ ያህል ነበርና ቀኑ ሁሉ አንድ ሆነብኝ። እንደ ልማዴ ረቡዕ ጠብቄ ወረድኩ። የአበልጄ ሚስት ሌማቱን አቅርባ የዶሮ ወጥ አወጣችበት።

«ጾም ነኝ» አልኩ።

ሚስቱ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። እሱ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ዛሬ?»

«ረቡዕ አይደል።»

«ሐምሳው እኮ ነው፣ አበልጄ» አለኝ። «ጌታ ከተነሣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። በሐምሳ ረቡዕ የሚጾም ክርስቲያን ከየት ነው የመጣ?»

እሱ ልጄን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጸጉሩን እየዳበሰ ነበር። ድምፁን አላነሣም።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺ መጥተሽ በሄድሽ በሁለት በሦስት ቀን በቅሎ ይሞትብናል። እዚህ ያሉት ሰዎች ሲያወሩ እኔ ነኝ አፋቸውን የማስይዘው። አበልጄ ናት፣ ከእኔ ቤት ነው የምትበላው እላቸዋለሁ። ከዚህ ቤት ግን እህል ቀምሰሽ አታውቂም።»

ውጪ አንድ ካሚዮን እያጓራ ያልፋል። ልጄ እጁን ወደ ወጡ ሲዘረጋ እሱ እጁን ያዘው፤ ጥብቅ አድርጎ አይደለም፣ ግን ያዘው።

«ኀዘን ቀን አስረሳኝ» አልኩ። «ፋሲካን በዋሻ ነው ያሳለፍነው። ይቅር ይበሉኝ፤ ይስጡኝ።»

ጠቅልሎ አጎረሰኝ። ሁለተኛም አጎረሰኝ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ሣቀ። በላሁ። ባሌን ያቀፈበት እጅ ነው። እስክጠግብ በላሁ፤ ሚስቱም ሣቀች፤ ቤቱ ተፈታ።

ከከተማው ወጥቼ ባሕር ዛፉ ጥግ እንደደረስኩ ጣቴን ጉሮሮዬ ውስጥ ከትቼ አወጣሁት። ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ያለቅሳል። ከዚያ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ ከጠላቴ ቤት በልቼ ተፋሁት። እንደበላሁ ይቆጠራል ወይስ እንዳልበላሁ?»

ትክ ብለው አዩኝ። ሽማግሌ ነበሩ፣ ብዙ አይናገሩም። «ልጄ፣ የሆድሽን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ። «ለምን እንደምትጠይቂኝ ግን ፈራሁ።»

ከዚያ በኋላ እሱ አመነኝ። እኔም በየጊዜው እበላ ነበር። በበላሁ ቁጥር ባሕር ዛፉ ጥግ ላይ እተፋዋለሁ።

ቀኑ የመጣው በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም ነው። ካሚዮኖቹ ከሌሊት ጀምሮ በአምበር በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ ሲነጋ ምሽጉ ላይ ጭስ ነበር። የባሌ ወንድም በሶ ሊወስድ እየሮጠ መጣ። ስልቻውን እያሰርኩለት ያወራኛል።

«በታች በአምበር መንገድ የትልቁ አለቃ ጭፍራ አለ። የተያዘውን ባንዳ እንዳትነኩት ተብሏል፤ ወደ ከተማ ያመጡታል። ምሕረት ሊታወጅ ነው አሉ። ከነገ ወዲያ ባንዳ መግደል ነፍስ ማጥፋት ሆነ ማለት ነው።»

«እናንተስ?»

«እኛ የላይኛውን መንገድ ይዘናል። ማሩ የሚለን አለቃ የለንም» ብሎ ሣቀና ሄደ።

እኩለ ቀን ላይ ደጅ ቆሜ ልጄን እየጠበቅኩ ሳለ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ከማሳው ሥር ወጣ። አበልጄ ነው። ጫማ አላደረገም። እንዳይታወቅ አውልቆት ነው፤ እግሩ ግን በጫማ ለስልሶ ነበርና ይደማል። ሚስቱንና ልጆቹን ቀደም ብሎ ወደ አማቶቹ ሰዷቸው ነበር።

«ካሚዮኑ ለፈረንጆቹ ብቻ ሆነ» አለ። «ጎኑን ይዤ ስሮጥ በጠመንጃ ሰደፍ እጄን መቱኝ። ውኃ ስጪኝ።»

ሰጠሁት። ልጄ ሮጦ መጥቶ ጉልበቱን ሳመ። እሱ ከኪሱ ስኳር አውጥቶ ሰጠው፤ ላብ አርጥቦት ነበር። ከዚያ በረት ውስጥ ያሉትን በሬዎች አየ። ዳለቻው ከጥቁሩ አጠገብ ቆሞ ያመሰኳል። ገብቶ ግንባሩን አከከለት።

«አለ እንዴ? ሁለቱን አቀናጅተሽ እያረስሽ ነው?»

«አጎቱ ያርስልኛል።»

«መልካም በሬ ነው» አለ። «አበልጄ፣ ሰው ሁሉ ከድቶኛል። አንቺ ከእጄ የበላሽ ነሽ። ልጆቼ ዘንድ መድረስ ብቻ ነው የምፈልገው። በአምበር ልውረድ ወይስ በላይኛው መንገድ ልሂድ?»

ልጄ ስኳሩን እየላሰ መካከላችን ቆሟል። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አመነታሁ። ልጄ የሚወደው ሌላ አባት አልነበረውም። በአምበር ቢወርድ ይይዙታል፤ ይሰግዳል፤ ይማሩታል። ዓመት ሳይሞላ ጭቃ ሹም ሆኖ ከእኛ በታች ይገባል። ልጄም ጠመንጃው ሥር ያድጋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልኩት። «ያን ዕለት ሲስሙት እንደሚገድሉት ያውቁ ነበር?»

የደከመ ሰው ለመዋሸትም አቅም ያንሰዋል።

«አውቅ ነበር» አለ። «ባልስመው ኖሮ ይጠረጥር ነበር።»

እኔ ወደ ተራራው በእጄ አሳየሁት።

«በአምበር በኩል አርበኛ ሞልቶታል። የላይኛው መንገድ ባዶ ነው» አልኩት።

አመሰገነኝ። ልጄን ሳመው። ዳገቱን ሲወጣ እያነከሰ ነበር፤ አንድ ጊዜ ዞሮ እጁን አነሣ። እኔም አነሣሁ። ከዚያ ወደ በረቱ ገብቼ ለበሬዎቹ ጭድ አቀረብኩ፤ መጀመሪያ ለዳለቻው። ተኩሱን የሰማሁት እዚያ ሆኜ ነው። አንድ ጠመንጃ አልነበረም። ብዙ ነበሩ፣ ባንድ ላይ። ብዙ መሆናቸው ደስ አለኝ። ልጄ፣ «እምዬ፣ ምንድነው?» አለኝ። «ከተማው ተያዘ፤ የደስታ ነው» አልኩት።

የባሌ ወንድም ማታ ሲመጣ፣ «ያ ከሃዲ በራሱ እግር መጣልን» አለ። ማን እንደላከው አላወቀም፤ እስኪሞትም አልነገርኩትም። ሽማግሌዎቹ በጦርነት የወደቀ ነው ብለው ነገሩን ዘጉት። ሦስቱ ልጆቹ ካደጉ በኋላ ለልጄ የጥምቀት ዕለት እጅ ነስተው ሰላም ይሉታል። ጠመንጃውን ከቆጥ አውርጄ ለባሌ ወንድም ሰጠሁት፤ ልጄን ለቆሎ ትምህርት ቤት። ተኩስ ሳያውቅ አደገ። ዛሬ ቄስ ነው።

ሁሉን ያውቃል፤ በሬውንም፣ አውድማውንም፣ መሳሳሙንም ነግሬዋለሁ። የማያውቀው መንገዱን ብቻ ነው። በየጊዜው፣ «እምዬ፣ እንግዲህ አርጅተሻል፤ ንስሐ ገብተሽ ቁረቢ» ይለኛል። እሺ እለዋለሁ። ንስሐ የሚገባው ግን የተጸጸተ ሰው ነው፤ እኔ አልተጸጸትኩም፣ ለመጸጸትም ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ ከደጀ ሰላሙ አላልፍም። ቅዳሴ ላይ ሙታን ሲታሰቡ የአባቱን ስም ይጠራል፤ ቀጥሎም የክርስትና አባቱን። ከውጪ ሆኜ እሰማዋለሁ። በመጀመሪያው ስም ግንባሬን መሬት አስነካለሁ። በሁለተኛው ቀጥ ብዬ እቆማለሁ።